ሦስተኛው አንድም

የኔታ ካሕሳይ ማረፋቸውን የሰማሁት ከኲሓ ወደ መቐለ ስመለስ መንገድ ላይ ነው። ኲሓ ክርስትና ለማንሳት ሄጄ ነበር። ጨው የጫኑ ግመሎች አልፈውኝ አቧራቸው ገና ሳይሰክን፥ ከከተማው በኩል የምትመጣ አንዲት ሴት አየችኝና ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ ቆመች።

«ቀሺ፥ አልሰሙም እንዴ? የኔታ ዐርፈዋል» አለችኝ።

«የትኛው የኔታ?»

የጅል ጥያቄ ነበር። በእኛ ሰፈር የኔታ ሲባል ሌላ ሰው የለም። ሴትዮዋም በአዘኔታ አየችኝ።

ቄስ ነኝ፤ የሞት ወሬ ለኔ እንደ ጎረቤት ሳል ነው። የዚያን ቀን ግን መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ትናንት እኮ ተቆጥተውኛል። «ወሎዬ፥ አፍህን ክፈት! ቃል በጥርስ መሐል ሾልኮ አይወጣም» ብለውኛል። እንደዚያ የሚቆጣ ሰው በማግስቱ ይሞታል ብሎ ማን ይጠረጥራል? እዚያ ድንጋይ ላይ ሆኜ በዓይኔ ላይ የመጣው ቡራኬያቸው አልነበረም፤ ትምህርታቸውም አልነበረም። በአየር ላይ የሚበር መቋሚያ ነው የመጣብኝ።

እኔ ከወሎ፥ ከደላንታ፥ ትግራይ የወጣሁት ጢም ካበቀልኩ በኋላ፥ ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። «ብሉይን መማር ከፈለግህ መቐለ ሂድ፤ እዚያ ካሕሳይ የሚባሉ አሉ» አሉኝና እግሬን አነሳሁ። ስደርስ ያገኘኋቸው ሰው ቁመታቸው ከትከሻቸው ጀምሮ ከሰው ሁሉ በላይ ነበር። ጥምጣሙ ሲጨመርበት የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ ሳያጎነብሱ አያልፉም። ጉባኤያቸው በቁልቋል በታጠረ ግቢ ውስጥ ነው፤ ከፊት ለፊታችን የእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ይታያል። እሳቸው አጎዛ ላይ፥ እኛ ድንጋይ ላይ እንቀመጣለን።

የመጽሐፍ ትርጓሜ የሚወርደው በአማርኛ ስለሆነ የሚያስተምሩት በአማርኛ ነው። የሚቆጡት ግን በትግርኛ ነው። ስለዚህ ከትግርኛ ሁሉ ቀድሜ የለመድኩት ስድቡን ነው። ተማሪ ሳያጠና መጥቶ በግምት ሲመልስ «ገበሬ ዝናብን ይገምታል፤ ተማሪ ግን ያጠናል» ይሉታል። ሰው ሲያመሰግናቸው ደግሞ «ምስጋናውን ለእግዜር፥ ቆሎውን ለእኔ» ብለው ያስቁናል። ቆሎው ሲመጣ ግን ለተማሪ ያካፍሉታል እንጂ ለአፋቸው እምብዛም አይደርስም። አንድ ክረምት በብርድ ስንቀጠቀጥ ጋቢያቸውን ለታመመ ተማሪ አልብሰው እሳቸው በነጠላ ከርመዋል። ቁጡ ናቸው፤ ግን እንደሳቸው የሚራራ መምህር አላየሁም። ሁለቱ እንዴት አንድ ሰው ውስጥ እንዳደሩ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ሐጎስን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እናትና አባቱ በበሽታ ሲያልቁበት አንስተው ከፊደል እስከ ብሉይ ያደረሱት እሳቸው ናቸው። ሚስታቸው ሳይወልዱ ስለሞቱ ሌላ ልጅ የላቸውም። እኔ ስመጣ ሐጎስ አድጎ፥ ጢም አውጥቶ፥ ምክትላቸው ሆኖ ነበር። የየኔታን ዓይን ሞራ ጋርዶት ስለነበር የግእዙን ንባብ የሚያነብላቸው እሱ ነው፤ እሳቸው ይተረጉማሉ። አጭር፥ ቀይ፥ ፈጣን ሰው ነበር። ድምፁን ግን እንዴት ልንገራችሁ? ሲጀምር ዝቅ ይላል፤ መሐል ላይ ይሰፋል፤ ንባቡ ካለቀ በኋላም የሚቀር ይመስላል። መንገደኛ ሳይቀር አጥር ሥር ቆሞ ያዳምጠዋል።

የኔታ እኔን «ወሎዬ» ይሉኛል። ሌላውን በአገሩ ወይም በአባቱ ስም ይጠራሉ። ሐጎስን ግን «ወደይ» ነው የሚሉት፤ በትግርኛ «ልጄ» ማለት ነው። ይህን ቃል ለሌላ ሰው ሲያወጡ ሰምቼ አላውቅም።

ነገሩ የተበላሸው በአንድ በዓል ቀን ነው። የኔታ ራሳቸውን ስላመማቸው ሐጎስ በእሳቸው ፈንታ ቆሞ ሰበከ። ሕዝቡ አለቀሰ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ከበዓሉ መልስ አንዲት አፈኛ ሴት «የኔታ ቃል ይፈታሉ፤ ሐጎስ ግን ልብ ይፈታል» አለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ይህ ቃል የኔታ ጆሮ ደረሰ።

ሳቁ። «እውነቷን ነው» አሉ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐጎስ ያላጠፋውን ንባብ መልስ እያሉ ያስደግሙት ጀመር። እጃቸውን ሊያስታጥብ ሲቀርብ «ሌላ ሰው ያምጣው» ማለት አመጡ። ቀጥሎ የደብሩ ሽማግሌዎች «የኔታ፥ ዓይንዎ ደከመ፤ ሐጎስ ወንበሩን ቢያግዝዎ ምን ይመስልዎታል?» ብለው ሲያማክሯቸው፥ «ሐጎስ ነው የላካችሁ?» አሉ። ማሉ፤ ተገዘቱ። አላመኗቸውም።

በዚህ መሐል ነው የሳኦልና የዳዊት ታሪክ ላይ የደረስነው። ሳኦል በዳዊት ቀንቶ ጦር ይወረውርበታል፤ ሊገድለውም በየበረሃው ያሳድደዋል። ዳዊት ዋሻ ውስጥ አግኝቶት ሳይነካው ይተወዋል፤ ከሩቅ ሆኖም ይጠራዋል። ሳኦልም ድምፁን ሲሰማ «ልጄ፥ ይህ ድምፅህ ነው?» ብሎ ያለቅሳል። ሐጎስ ንባቡን አነበበ። የኔታ የመቋሚያቸውን ናስ በአውራ ጣታቸው እያሻሹ፥ እንደ ደንቡ አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ በየፍቺው ተረጎሙት።

«የሚያሳድደውን ሰው ልጄ ማለቱ ስለ ምን ነው? ለሽንገላ ነው። አንድም፥ ስለ ፈራ ነው» አሉና ወደሚቀጥለው ሊያልፉ ሲሉ ሐጎስ ጣቱን ከመስመሩ ላይ አላነሳም።

«የኔታ፥ ሦስተኛ አንድም የለውም?»

«ምን የሚል?»

«ስለ ወደደው ቢሆንስ?»

የኔታ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። «በሚወዱት ሰው ላይ ጦር ይወረወራል?»

ሐጎስ ጣቱን ከመስመሩ አነሳ። ከዚያ ዝግ ብሎ «ይወረወራል፥ የኔታ» አለ። «ለማይወዱትማ ምን ያደክማል?»

መቋሚያው ሲነሳ አላየሁትም። ሲበር ነው ያየሁት። የሐጎስን ጆሮ ጭሮት አለፈና ከኋላው የነበረውን እንስራ መታው። እንስራው ተፈረካከሰ፤ ውኃው በእግራችን ሥር ሲፈስ ሁላችንም መጻሕፍቱን ወደ ደረታችን አነሳን። እንዲህ ያለ ነገር በጉባኤ ላይ አይቶ የሚያውቅ ከመሐላችን አልነበረም። የኔታም ራሳቸው ሌላ ሰው የወረወረው ይመስል፥ የተዘረጋ እጃቸውን መመለስ ረስተው ተቀምጠዋል።

ሐጎስ ተነሳ። መቋሚያውን ከጭቃው አንስቶ በነጠላው ጠረገና ጉልበታቸው ላይ አኖረው። ጉልበታቸውን ሳመ። ከጆሮው የሚንጠባጠበው ደም በልብሳቸው ላይ አረፈ። ከዚያ ወጥቶ ሄደ።

እንደሚጠሩት ጠብቄ ነበር። የኔታ ግን ድምፃቸውን ያገኙት እሱ ከደጅ ሲወጣ ነው።

«ገዝቻለሁ! ያበላው፥ ያጠጣው፥ ያሳደረው፥ ከእርሱ ጋር ቃል የተለዋወጠ የተገዘተ ይሁን! እኔ ልጅ የለኝም!»

መምህር ሲገዝት ቀልድ አይደለም። ግዝቱን ከገዘተው በቀር ማንም አይፈታውም። ከዚያ በኋላ ሐጎስን የሚያስጠጋ ደብር አልተገኘም። ጨው ከሚጭኑ ነጋዴዎች ጋር ወደ ቆላ ወረደ የሚል ወሬ ሰማን። ጦርነቱ መጣ፤ ሠራዊቱ ተበተነ፤ ጣሊያን ከተማችን ገባ። ሐጎስም ጠመንጃ ይዞ፥ ጥቂት ሰዎች አስከትሎ፥ ከእንደርታ በታች ባለው ገደላማ አገር ሸፈተ ተባለ።

ንባቡን ለየኔታ የማነበው እኔ ሆንኩ። «እንደሱ አይደለም» ይሉኛል። ደግሜ አነባለሁ። «አይደለም፤ እንደሱ አይነበብም።» እንደ ማን እንደሚነበብ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ከእለታት አንድ ቀን ከጣሊያን ሹም ዘንድ አስተርጓሚ መጣ። ሐጎስ የስልክ ሽቦ እየቆረጠ አስቸግሯል፤ ገበሬው እየደበቀ ያበላዋል። ጥይት ያላስፈራውን ገበሬ ግዝት ያስፈራዋልና የኔታ ወጥተው በየመንደሩ ይገዝቱልን ነው ነገሩ። እንደሚያባርሩት እርግጠኛ ነበርኩ። የጣሊያን ስም ሲጠራ እንኳ ምራቃቸውን እንትፍ የሚሉ ሰው ናቸው።

«መቼ ነው የምንሄደው?» አሉ።

ከመሐላችን አንድ ሸምገል ያለ ተማሪ እግራቸው ላይ ወደቀ። «የኔታ፥ ለባዕድ ብለው ልጅዎን?»

«ልጅ የለኝም ብያለሁ።»

በበቅሎ ተቀመጡ፤ እኔ ልጓሙን ይዤ መራኋቸው። ሹምባሽ የሚሉት የባንዶች አለቃ ወታደሮቹን ይዞ ተከተለን። በየመንደሩ ሰው ይሰበሰባል፤ የኔታ በዚያ በሚያስፈራ ቁመታቸው ቆመው ይገዝታሉ። ገበሬዎቹ አፋቸውን በጋቢያቸው ይዘው ይሰማሉ፤ ሴቶች ያለቅሳሉ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከነዚያ መንደሮች በአንደኛው አንድ ሽማግሌ ብድግ አሉ።

«የኔታ፥ ልጁ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀን እንጀራ አይደለም። ከመቐለ የመጣ ሰው አለ ወይ፥ የየኔታ ዓይን እንዴት ሆነ ነው የሚለን። ለዚህ መልስ መስጠትም ተገዝቷል?»

የኔታ ፊታቸውን ከሽማግሌው አዞሩ። ከዚያ ከበፊቱ ባነሰ ድምፅ «ተገዝቷል» አሉና በቅሎዋን እንዳቀርብ በእጃቸው ጠቆሙኝ።

በዚያው ቀን፥ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ፥ ከአንድ ገደል አጠገብ ዳዕሮ ዛፍ አግኝተን ዐረፍን። የኔታ ጥላው ሥር ጋደም አሉና እንቅልፍ ወሰዳቸው። ወታደሮቹ ራቅ ብለው ተዘረሩ። እኔ ቅሉን ይዤ ወደ ምንጩ ወረድኩ።

ውኃ ቀድቼ አቀበቱን ስመለስ ቀና ብል የኔታ ከእንቅልፋቸው ተነስተው ይራመዳሉ። ለሽንት ወጣ ማለታቸው ነበር። መቋሚያቸውን አልያዙም። እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው የሚሄዱት ግን ወደ ገደሉ ነው። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ እንቢ አለኝ፤ ቅሉን ጥዬ ሮጥኩ። ብሮጥም የምደርስ አይመስለኝም። አንድ እርምጃ፥ ሌላ እርምጃ፥ ከፊታቸው ሰማይ ብቻ ቀረ።

«የኔታ! ይቁሙ! አይንቀሳቀሱ፥ ገደል ነው!»

ድምፁ የመጣው ከማዶ ነው፤ ከገደሉ ባሻገር ካሉት ቋጥኞች። ዝቅ ብሎ አልጀመረም፤ እንደ ነጎድጓድ ነው የወረደው። የኔታ ባሉበት ደረቁ። ከእግራቸው ሥር አንድ ድንጋይ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ታች ሲደርስ እስኪሰማ ብዙ ቆየ። እሳቸው ግን ድንጋዩን የሰሙም አይመስሉ፤ ፊታቸውን ወደ ማዶ አቅንተዋል።

«ወደይ» አሉ። «ወደይ፥ ይህ ድምፅህ ነው?»

እኔ ያን ጊዜ አጠገባቸው ልደርስ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር፤ ፊታቸውን አየሁት። ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው የሰሙት። ስንት ዘመን ያስተማሩት፥ የማን እንደሆነ ከማንም የበለጠ የሚያውቁት ቃል ነው። ከንፈራቸው እንደተከፈተ ቀረ። እጃቸውን ቀስ አድርገው ወደ አፋቸው ወሰዱ፤ ሌላ ሰው ገብቶ የተናገረበት አፍ ይመስል ዳሰሱት። ከዚያ እገደሉ አፋፍ ላይ ተቀመጡ። መብረቅ የመታው ሰው አይቻለሁ፤ እሱ እንኳ እንደዚያ አልደነገጠም። ሮጬ በብብታቸው ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኳቸው።

ጩኸቱ ወታደሮቹን ቀስቅሷቸው ኖሮ ጠመንጃ ሲቀባበል ሰማሁ። «ከዚያ ቋጥኝ ሥር ነው! ተኩሱ!» ይላል ሹምባሹ። ሐጎስ ራሱን የሚያሳይበት ምክንያት አልነበረውም። ዝም ቢል እኛ ጥለነው እናልፍ ነበር፤ አሳዳጁም በገዛ እግሩ ገደል ገብቶለት ነበር።

የኔታ ከእጄ አምልጠው ተነሱ። ወታደሮቹን ወደሰሙበት ዞረው ጋቢያቸውን እንደ ክንፍ ዘረጉት።

«የሚተኩስ ሰው እጁ ይድረቅ! ገዝቻለሁ! ቃታ የሚስብ ጣት የተገዘተ ነው!»

ወታደሮቹ የእኛው አገር ልጆች ናቸው፤ ማተብ አስረዋል። አንዱ አፈሙዙን ዝቅ አደረገ፤ ሌላውም ተከተለው። ሹምባሹ በጣሊያንኛ ተሳደበ፤ ግን የራሱም ጣት ቃታው ላይ አልጸናም።

የኔታ ወደ ማዶ ተመለሱ።

«ወደይ፥ ተርበሃል?»

«አልተራብኩም፥ የኔታ። ዓይንዎ እንዴት ነው?»

«ጨልሟል።»

ከዚያ አለቀሱ። ድምፅ አውጥተው ነው ያለቀሱት። ወታደሮቹ መሬት መሬት አዩ።

«አንተ ከእኔ ትሻላለህ» አሉ እያለቀሱ። «ደግ ሠርተህልኛል፤ እኔ ክፉ መልሼልሃለሁ። ግዝቱን ፈትቼዋለሁ፤ ሁላችሁም ስሙኝ፥ ፈትቼዋለሁ! ያበላህ የተባረከ ይሁን። ያሳደረህ የተባረከ ይሁን። ና ወደይ። ወደ ቤትህ ና።»

ሄዷል ብዬ ነበር። በመጨረሻ ያ ድምፅ እንደ ጥንቱ ዝቅ ብሎ ጀመረ።

«አልመጣም፥ የኔታ።»

«አታምነኝም?»

«ዛሬን አምንዎታለሁ።»

እንደዚያ ያለ መልስ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ይቆጣሉ ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተማሪ ትክክል ሲመልስላቸው እንደሚያደርጉት ማለት ነው። ከማዶ ጠጠር ሲንሸራተት ሰማን። ሐጎስ ወደ ቋጥኙ ወጣ፤ እኛ ወደ መቐለ ተመለስን። ሹምባሹ ቀሩት ያላቸውን መንደሮች ቢቆጥርባቸውም የኔታ አፋቸውን አልከፈቱም። ለዚህም ታስረው ከረሙ፤ ሲወጡ ያ ቁመት ጎብጦ ነበር።

ጉባኤው እንደገና ሲቆም ወደዚያው ታሪክ ደረስን። እኔ አነበብኩ። የኔታ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ቀድሞ ያስተማርኳችሁ ጎዶሎ ነው» አሉ። «ለሽንገላ ነው ብያችኋለሁ፤ ስለ ፈራ ነው ብያችኋለሁ። ሦስተኛ አለው። አንድም፥ ስለ ወደደው ነው።»

አዲስ የመጣ አንድ ተማሪ፥ የሆነውን የማያውቅ፥ «ከወደደው ታዲያ ተመልሶ ለምን አሳደደው?» ብሎ ጠየቀ።

እኛ ነባሮቹ አቀረቀርን። የኔታ ግን አልተቆጡም። «እሱን ሳኦልም አያውቀው» አሉ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እወድ ነበር። ጣሊያን ወጣ። አርበኞቹ ወደ ከተማ ሲገቡ ሐጎስ ከፊት ነበር። እልልታው ከገበያው ተነስቶ እኛ ግቢ ድረስ ይሰማል። ስሙን እየጠሩ ይዘፍናሉ። የኔታ ሲደሰቱ አያለሁ ብዬ ዞር አልኩ። ፊታቸው ጠቁሯል። መቋሚያቸውን መሬት ላይ ደጋግመው ይመታሉ።

«ይሄውላችሁ!» አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው። «ወንበሬን ሊወስድ መጣ።»

ጆሮዬን አላመንኩም። ገደል አፋፍ ላይ እያለቀሱ ና ያሉት እኚህ ሰው ናቸው? በማግስቱ ደግሞ ማልደው ጠርተውኝ «ሐጎስ ምግብ አግኝቶ ይሆን? ጫማስ አለው?» እያሉ ጠየቁኝ። ያን ጊዜ ነው ሐጎስ ከማዶ ሆኖ የመለሰው ነገር የገባኝ። ከእኔ ይልቅ አውቋቸዋል።

ሐጎስ መቐለ ኖረ። በሌላ ደብር ያገለግል ነበር፤ ኑሮው ደግሞ ገበያው አካባቢ ነው። እኛ ግቢ አልገባም። ግን በየማለዳው ጉባኤ ሲጀመር ከቁልቋሉ አጥር ውጭ ይቆማል። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ለየኔታ አልነገርኳቸውም። መንገር አላስፈለገም፤ ኮቴውን ያውቁታል። እሱ ሲደርስ እኛን ትተው ወደ አጥሩ ይዞሩና ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ዕድሜያቸው ገፍቶ፥ ደረታቸው እያፏጨ፥ አጥር የሚሻገር ድምፅ ያወጣሉ። ንባቡ አስቸጋሪ ሲሆን ፍቺውን ሁለቴ ይሉታል።

አንድ ቀን አላስችል አለኝ። «የኔታ፥ ልጥራው?» አልኳቸው።

«ተወው» አሉ። «እዚያ ሲቆም ደህና ነኝ።»

እንግዲህ ከኲሓ መንገድ ላይ ሆኜ ሞታቸውን የሰማሁት ሰው ይህ ነው። ከድንጋዩ ተነስቼ እየሮጥኩ፥ እየተራመድኩ ግቢያችን ስደርስ ከአጥሩ ውጭ እግሬ ቆመ። ከውስጥ መዝሙረ ዳዊት ይደገማል። ድምፁ ዝቅ ብሎ ይጀምራል፤ መሐል ላይ ይሰፋል። ተማሪዎቹ በኋላ እንደነገሩኝ፥ ያን ማለዳ ሐጎስ እንደ ወትሮው መጥቶ አጥሩ ሥር ቆሟል። የኔታ ግን ከመኝታቸው አልተነሱም። ፀሐይ ወጣች፤ ድምፃቸው አልተሰማም። ሐጎስ ጠበቀ፤ ጠበቀና ማንንም ሳይጠራ ደጁን ገፍቶ ገባ። ገንዘው ካስተኟቸው በኋላ ከራስጌያቸው ተቀምጦ መድገም ጀመረ፤ ሌላ ሰው ልተካህ ቢለው እንቢ አለ።

በቀብሩ ላይ ሽማግሌዎቹ እሱ እንዲናገር ለመኑት። ተናገረ። የኔታ ስንቱን እንዳስተማሩ፥ ስንቱን እንዳበሉ፥ በነጠላ የከረሙበትን ያን ክረምት ሳይቀር አነሳ። መቋሚያውን አላነሳም። ግዝቱን አላነሳም። ጆሮው ላይ ያለውን ጠባሳ እያየሁ አንዲት የወቀሳ ቃል ጠበቅኩ፤ አልመጣችም። ለቀስተኛው ሕዝብ ሲበተን ሽማግሌዎቹ ወንበሩን እንዲረከብ ጠየቁት። «ለወሎዬው ስጡት፤ ያነበበላቸው እሱ ነው» አላቸው።

እኔ ግን ተናድጄ ነበር። በሐዘን ነው መሰለኝ። ከመቃብሩ አጠገብ ከእጁ አፈር ሲያራግፍ ደረስኩበት።

«በሕይወት ሳሉ ይህችን ደጅ መግባት ምን ከለከለህ?» አልኩት። «አንድ ቀን እንኳ? ስምህን እየጠሩ ነው እኮ የኖሩት።»

እጁን አራግፎ ጨረሰ።

«ስቀርብ ይጠሉኛል፤ ስርቅ ይወዱኛል» አለ። «አንተ ብትሆን የቱን ትመርጥላቸው ነበር?»

መልሴን አልጠበቀም፤ ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ሄደ።